ከቄጤማው በታች

ፕላስቲክ በብርድ ሲሰበር ድምፁ ቆሎ ጥርስ ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው፤ ቀጭ።

ጥር ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ሣሩ ላይ ውርጩ ጨው የተነሰነሰበት መስሏል። ለሰርጉ ድንኳን ወለል ከምናነጥፋቸው የፕላስቲክ ታይሎች አንዷን ከጎረቤቷ ላገጣጥም በጎማ መዶሻ መታ ሳደርጋት ጥርሷ ቀጭ ብሎ ወደቀ። ሁለተኛዋንም መታሁ፣ ቀጭ። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ "ኧረ ፀሐይ ትውጣ ወንድሜ" አለኝ። ሰርገኛው ስድስት ሰዓት ላይ ይገባል፤ ገና ከ1,300 በላይ ታይል ይቀረናል። ፀሐይ መጠበቅ የሰነፍ ሥራ መሰለኝና መምታቴን ቀጠልኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ሞቅ ሲል መሰበሩ በራሱ ጊዜ ቆመ። የተሰበሩትን ለቅሜ ቆጠርኳቸው፤ 23።

ልጁ ልክ ነበር። እነዚህ ታይሎች ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ ነው የሚሠሩት፤ የማዳበሪያ ከረጢትም የዚሁ ዘር ነው። ይህ ፕላስቲክ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለመጡን ይተውና እንደ ብርጭቆ ይሆናል። የሸጠልኝ ሰው ይህን አልነገረኝም፤ አልፈርድበትም፣ እሱ የሚሸጥበት ሰፈር ሣር ላይ ውርጭ አያድርም። ደብረ ብርሃን ግን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ሌሊቱ ከዜሮ በታች መውረዱ ብርቅ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ታይሎቼ በብርዱ ወራት ደጅ አያድሩም። ማደር ግድ ከሆነባቸውም ብርድ ልብስ ይለብሳሉ። ቀልዴን አይደለም። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ተወልዶ ብርድ ልብስ የሚቸግረው ማን ነው?

ሥራዬ የድግስ ዕቃ ማከራየት ነው፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የሙሽራ ሶፋ፣ ሲመጣም መብራትና አበባ። ወለሉ የመጣው ኋላ ነው። ቀድሞ ወለል ማለት ለእኔ ቀይ ምንጣፍ ነበር፤ ሣሩ ላይ ትዘረጋዋለህ፣ ጠርዙን በሚስማር ትወጥረዋለህ፣ አለቀ። ይህ ነገር የሚሠራው በጋ ላይ ብቻ መሆኑን ያወቅኩት አንድ ሐምሌ በተሠራ የምርቃት ድግስ ነው። ዝናቡ ድንኳኑን አልፎ አልገባም፤ በመሬቱ ነው የመጣው። ምንጣፉ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ አራት ሰው የማያነሳው ሆነ። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊስሙ ሲራመዱ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀረና በካልሲ ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ነው የታወቃቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ የወለሉ ባለቤት እኔ ነኛ።

ከዚያ አዲስ አበባ ወርጄ የመጀመሪያዎቹን ታይሎች ገዛሁ። አንዷ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ውፍረቷ ሁለት ሳንቲ አይሞላም፤ ከሥሯ ብዙ ጥቃቅን እግሮች አሏት። በሁለት ጎኗ ቀለበት፣ በሌሎቹ ሁለት ጎኖቿ ጥርስ አላት፤ ጥርሱ ቀለበቱ ውስጥ ከላይ ወደታች ይገባል። እንደ ቧንቧ ሠራተኞቹ እኛም ወንድና ሴት እንላቸዋለን። ሙጫ የለው፣ ሚስማር የለው። ዛሬ ተገጣጥሞ ነገ ይፈርሳል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ቦታ ይተከላል። ለ10 በ12 ሜትር ድንኳን 34 በ40 አድርጌ 1,360 ታይል እደረድራለሁ፤ ለስብራት ደግሞ ከ60 እስከ 70 ትርፍ እይዛለሁ። አንዷን ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት 350 ግራም ናት፤ ጠቅላላው ወደ 480 ኪሎ መሆኑ ነው። አይሱዙ ላይ ሲጫን ምንም አይመስልም፤ በሰው ጀርባ ከመንገድ እስከ ድንኳኑ ሲጋዝ ግን ይመስላል።

ስለ ወለሉ ያገኘሁት ምስጋና እስካሁን አንድ ነው፤ እሱም ከሊስትሮ ልጅ። አንድ የክረምት ድግስ ላይ በር ላይ ሳጥኑን ታቅፎ ቆሞ ቆሞ፣ ወጪ ገቢውን ጫማ አይቶ አይቶ፣ "አንተ ነህ ይሄን ያነጠፍከው? ሥራ አሳጣኸኝ" አለኝ። እንደ ምስጋና ነው የወሰድኩት።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ፤ የዚህ ሥራ ጣጣ ያለው እዚያ ነው።

አጎቴ የሞረትና ጅሩ ገበሬ ነው። የጅሩን መሬት የማያውቅ ሰው ካለ፣ ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ስንዴውንም ጤፉንም ምስሩንም የሚያበቅል ደግ መሬት። ደግነቱ ግን ለእህል ነው። ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ በበጋ ስንጥቁ ክንድ የሚያስገባ ጊዜ አለ። ክረምት ላይ ውሃው አልሰርግ ብሎ ስለሚተኛበት፣ የዚያው የእነዋሪ አካባቢ ሰው በእጁ ሰፋ ያለ መደብ እየሠራ መሐሉን ቦይ ያበጅለታል፤ ሴት ወንዱ፣ ሕፃናቱም ጭምር። እኔ ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እዚያ እሄድ ስለነበር አፈሩን ከእግሬ ጣቶች መሐል በእንጨት እየፋቅኩ ነው ያደግኩት። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ የሚቀጥለውን ስህተት የሠራሁት።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ እዚያው ጅሩ ዘመድ ሰርግ ደገሰ። ሌሊት ደረስን። በባትሪ ብርሃን ሜዳውን አየሁት፤ ደርቋል፣ ሣር ለብሷል፣ ሜዳ ነው ከተባለ ሜዳ ይህ ነው። ስንጥቆቹን ሣሩ ሸፍኗቸው ነበር። ቀጥታ መሬቱ ላይ አነጠፍን፤ ንጋት ላይ ጨረስንና ኩራት ተሰማኝ። ረፋድ ላይ ሰው ሲገባ ወለሉ እዚህም እዚያም ሰጠም ማለት ጀመረ፤ ከሥሩ ስንጥቅ ያለበት ቦታ ታይሏ መደገፊያ ስላጣች ሰው በረገጣት ቁጥር ትለምጣለች። ጥርሶቹ አንድ ሁለት እያሉ ከቀለበታቸው ይወጡ ገቡ። ይህም ባልከፋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበልግ ዝናብ መጣ። ውሃው በላይኛው ወገን ገብቶ በታይሎቹ እግር መሐል ለመሐል ፈሰሰ። ዋልካው ከላይ ለስልሶ የጠረጴዛ እግር ያለበት ቦታ ወረደ፤ ሰው ያልረገጠው ቦታ እንዳለ ቀረ። ወለሉ ባሕር መሰለ፤ ማዕበል ያለው ባሕር። የጠጅ ብርሌ በራሱ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ሲሄድ አይቻለሁ።

አጎቴ ምንም አላለም። ሰው ሲቀንስ ከጥግ ሄደና ጎንበስ ብሎ አንዷን ታይል ነቀላት። ጣቱን መሬቱ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰደደው። ከዚያ ጣቱን በሣር እየጠረገ፦

"አንተ፣ አውድማ ሳይለቀለቅ ይወቃል እንዴ?"

መልስ አልነበረኝም። አውድማ ሲዘጋጅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሣሩ ይላጣል፣ ጉብታው ይቆረጣል፣ ጎድጓዳው ይሞላል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ ከዚያ በእበት ተለቅልቆ ይደርቃል፤ ገና ከዚያ በኋላ ነው ነዶው የሚገባው። አውድማ እኮ የድግስ ወለል ነው፤ ለጥቂት ቀን የሚሠራ፣ በሬና ሰው የሚረግጠው፣ ሥራው ሲያልቅ ሣር የሚበቅልበት። እኛ አገር ጊዜያዊ ወለል የማይታወቅ ነገር መስሎኝ አዲስ ነገር ይዤ የመጣሁ ያህል ደረቴን ነፍቼ ነበር። የፕላስቲኩ ወለል መሬቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያስተካክለውም፤ ከሥሩ ያለውን ቅርጽ እያንዳንዷን ጉድጓድ ሳይቀር ተከትሎ ይተኛል። ሻጮቹ "በካሬ ይህን ያህል ቶን ይችላል" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ከሥሩ ሲሚንቶ ካለ ይችላል። ዋልካ ላይ ግን ታይሏ ሳትሆን ዋልካው ነው የሚጠየቀው።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከድግሱ ሦስት አራት ቀን በፊት ቦታውን ሄጄ አያለሁ። ቀጭን ብረት ይዤ እሄድና በየሁለት እርምጃው እወጋለሁ፤ የት ይገባል፣ የት አልገባም ይላል። ውሃ ከየት እንደሚመጣ የአካባቢውን ሰው እጠይቃለሁ፤ ይህን ከልጆች አብልጦ የሚያውቅ የለም፣ የሚጫወቱት እዚያው ነው። በላይኛው ወገን አንድ አካፋ ጥልቀት ያለው ቦይ እናወጣለን። ዋልካ ከሆነ ወፍራም ሸራ አንጥፈን ከላዩ ገረጋንቲ እናፈሳለን፤ አምስት ስድስት ሳንቲ ይበቃል፣ ጠቅጠቅ ይደረጋል። ሸራው ለምን እንደሆነ ልንገርህ፦ ገረጋንቲው እርሻ ላይ ቀርቶ ባለመሬቱ እንዳይረግመን ነው። ጭነህ ያመጣኸውን ጭነህ ትመልሳለህ። ለዚህ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው፤ "ለአንድ ቀን ነው እኮ" ይሉኛል። ለአንድ ቀን መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ዋልካው ነው የማያውቀው። ገረጋንቲ እምቢ ካሉኝ ጠረጴዛና የድምፅ ማጉያ የሚቆምበት ቦታ ብቻ ኮምፐልሳቶ ከሥር አነጥፋለሁ፤ እሱንም እምቢ ካሉ ሥራውን እተወዋለሁ። መተው የለመድኩት ሁለት ዓመት አይሆነኝም።

ማንጠፉ ራሱ ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ያየ ልጅ ይችለዋል። አንድ ምስጢር ብቻ አለው። ስትጀምር ሴቷ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ትዙር፤ ማለትም ቀለበቱ ወደፊት ይሁን። እንዲያ ከሆነ የሚቀጥለውን ታይል አምጥተህ ጥርሱን ከላይ ቀለበቱ ላይ ታሳርፋለህ፣ በእግርህ ትረግጠዋለህ፣ ገባ። ገልብጠህ ከጀመርክ ግን እያንዳንዷን ለማስገባት ያነጠፍከውን ማንሳት አለብህ፤ በ1,360 አባዛውና የወገብህን ሂሳብ ሥራ። ሁለተኛው ነገር ጥጉ ነው። ግንበኞች ማዕዘን የሚያወጡበትን 3፣ 4፣ 5 ሜትር በሲባጎ እወጥራለሁ፤ ሦስቱ ቁጥሮች ከገጠሙ ጥጉ ልክ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ በአንድ ሜትር አንድ ሳንቲ ካጋደለ 12 ሜትር ላይ 12 ሳንቲ ይሆናል፤ ያኔ ድንኳኑ ወደ አንድ ወገን፣ ወለሉ ወደ ሌላ ወገን ይሄዳሉ፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ ይህን ከሁሉ ቀድሞ ያያል።

ብርዱ ታይል እንደሚሰብር ተናግሬያለሁ። ሙቀቱ ግን የባሰ ያዋርዳል።

አንድ አዳራሽ ግቢ ውስጥ ነው፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ጾም እስኪፈታ ሳይጠብቅ የሚደገስ የመሥሪያ ቤት ዝግጅት። ከአዳራሹ ግድግዳ እስከ ሲሚንቶው መድረክ ልኩን 20 ሜትር ነበር። ምን ያህል ልክ እንደመጣልኝ ብታዩ! በብርዱ ጠዋት የመጨረሻዋን ረድፍ ከመድረኩ ጋር ሳስገባት ወረቀት የማያሳልፍ ሆነች። ቆሜ ፎቶ አነሳሁት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ክቡር እንግዳው ሊገቡ ሲሉ አስተናጋጇ ሮጣ መጣችና "ወለሉ አረገዘ" አለችኝ። ሄጄ አየሁት። መሐሉ ላይ ጉልበት ያህል ተነስቶ ቆሟል፤ ከሥሩ ውሻ የተኛበት ይመስላል። ሁለት ሕፃናት እየዘለሉበት ነው፤ ሲረግጡት ቧ ብሎ ይወርዳል፣ አጠገቡ ሌላው ይነሳል።

ፕላስቲክ ሲሞቅ ይረዝማል። ሂሳቡን ኋላ ሠራሁት፤ ይህ ዓይነቱ ለእያንዳንዱ ሜትር፣ ለየ10 ዲግሪው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይጨምራል። ጠዋት ሲነጠፍ ሁለት ሦስት ዲግሪ የነበረ ጥቁር ታይል ቀን በደጋ ፀሐይ 30 ዲግሪ መጨመር አያቅተውም። 20 ሜትር ሲባዛ በሦስት፣ ስድስት ሳንቲ፤ ሦስት ጣት ከፍ ያለ። ቀለበቶቹ ጥቂት ጥቂት ይቀበላሉ፣ የቀረው መሄጃ ይፈልጋል። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በአንድ ወገን ሲሚንቶ፤ ወዴት ይሂድ? ወደ ሰማይ። እንግዳውን በር ላይ ሻይ ሰጥተው ሲያዘገዩልኝ ከግድግዳው ጥግ አንድ ረድፍ ነቀልኩ፤ ወለሉ አየር እንደሚተነፍስ ሰው እፎይ ብሎ ተኛ። ክፍተቱን በምንጣፍ ሸፈንኩት። አሁን በየዳሩ አራት አምስት ሳንቲ እተዋለሁ፤ ወረቀት የማያሳልፍ ወለል ያነጠፈ ልጅ ካየሁ ራሴ ሄጄ አነቅለዋለሁ።

ቆላው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሸዋ ሮቢት ስንሄድ ጣርማ በርን አልፈን ነው የምንወርደው፤ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የበሱት ዋሻ ውስጥ ሹራብ ለብሰህ ትገባና ከደብረ ሲና በታች ማውለቅ ትጀምራለህ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ በካናቴራ ትቀራለህ። እዚያ በቀትር ሙቀት አነጠፍን፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ በረድፎቹ መሐል ክፍተት ታየ። ለታይሎቹ ግን ከዚያ የባሰው የመኪናው ጉዞ ነበር፤ በሸራ ተሸፍነው፣ በፀሐይ ሙቀት፣ 50 ከ50 ተደራርበው። የታችኞቹ ጎብጠው ወጡ። የጎበጠ ታይል በሙቅ ውሃ አርሰህ ሁለት ሳንቃ መሐል ድንጋይ ጭነህ ካሳደርከው ይመለሳል፤ ሁሉም ግን አይመለስም።

ስለ ቄጤማ ሳልናገር ብቀር ርዕሱን ለምን አወጣሁት።

ቄጤማ ያልተነሰነሰበት ድግስ ድግስ አይባልም። እኔም እዚያው ያደግኩ ነኝ፤ ቄጤማ ሸተተኝ ማለት በዓል ሸተተኝ ማለት ነው። ግን እርጥብ ቄጤማ በፕላስቲክ ላይ ማለት ሳሙና በሳሙና ላይ ማለት ነው። መሬት ላይ ሲሆን ቄጤማው አፈሩን ይነክሳል፤ ፕላስቲኩ ላይ የሚነክሰው የለም። አንዴ ጭፈራው ሲደምቅ፣ ሆ እያሉ መሬት የሚደልቁት ጎረምሶች መሐል አንዱ ሁለት እግሩ ባንድ ጊዜ ከሥሩ ሲሄድበት አየሁና፣ ከዚያ ወዲህ ከየሙሽራዋ እናት ጋር መደራደር ግዴታዬ ሆኗል። አንዷ እናት ጋር የነበረው እንዲህ ነው፦

"እትዬ፣ ቄጤማውን ከጭፈራው ቦታ እንተወው፤ ሰው ይወድቃል።"

"ልጄን በላስቲክ ላይ ነው የምድራት?"

"በሩ ላይ እናብዛው፣ ቡናው ጋ እናብዛው፣ ሙሽሮቹ እግር ሥር ጥቂት። መጨፈሪያውን ብቻ።"

ዝም አሉ። በጫማቸው ጫፍ ታይሉን ጫን ጫን አደረጉት።

"ቡናው ጋስ ከሰሉን የት ልታደርገው ነው?"

እውነትም ቡናውን ረስቼው ነበር። ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ የከሰል ፍም ከ500 በላይ ነው። የምድጃው እግር ራሱ ሙቀቱን ቀስ እያለ ያወርዳል፤ ሦስተኛው ጀበና ሲደርስ ታይሉ ላይ ሦስት ክብ ጉድጓድ ታገኛለህ። የዕጣኑ ፍም ደግሞ እየዘለለ ነው የሚሄደው። እሳቸው እንዲህ ያለውን ነገር ቤታቸው ምንጣፍ ላይ አይተውት ኖሮ መፍትሔውንም ነገሩኝ፤ አሮጌ ምጣድ ከሥር፣ ምጣዱ ላይ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ምድጃው። ዛሬ ከዕቃዎቼ ጋር ሁለት የተሰነጠቁ ምጣዶች ይጫናሉ። ሹፌሩ "ደግሞ እንጀራ ልትጋግሩ ነው?" ይለናል በየጊዜው፤ አይሰለቸውም።

የሴቶች ተረከዝም የራሱ ጣጣ አለው። ቀዳዳ ያላቸው ታይሎች ውሃ ያሳልፋሉ፣ ለክረምትና ለእጅ መታጠቢያው አካባቢ ግሩም ናቸው፤ ግን ቀጭን ታኮ ይውጣሉ። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ስትራመድ መላ ክብደቷን አንድ ካሬ ሳንቲ በምታህል ተረከዝ ላይ ስትጥል በዚያች ነጥብ ላይ የሚያርፈው 60 ኪሎ ነው፤ የመኪና ጎማ ያለው ግፊት በካሬ ሳንቲ ሁለት ኪሎ ከምናምን ነው። ከአውቶሞቢል ይልቅ ሙሽራዋን እፈራለሁ የምለው ለቀልድ አይደለም። በቅሎም አለች፤ መንዝ ውስጥ አንድ ሙሽራ በቅሎ ላይ ሆኖ ቀጥታ ወለሉ ላይ ሊወጣ ሲል በቅሎዋ አንድ ኮቴዋን አሳረፈች፣ ከሥር ባዶ ድምፅ ሰማች፣ ወደኋላ አለች። ጎትተው ገፍተው አልሆነም። ወርዶ በእግሩ ገባ። ሽማግሌዎቹ "ገደል መስሏት ነው" አሉ።

ድግሱ አልቆ ሲፈርስ ነው ታይል የሚያልቀው። ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ደክሞሃል፣ ጠላውም ደርሶሃል፣ መኪናው ይጠብቃል፤ ልጆቹ ጥጉን ይዘው ሽቅብ ይመነጭቁታል፣ አሥር ታይል ባንድ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፣ ጥርሶቹ ይረግፋሉ። ሲነጠፍ ከሚሰበረው ሲነቀል የሚሰበረው ይበልጣል። ስለዚህ ሌሊት ማፍረስ ትቻለሁ። ጠዋት፣ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ መጨረሻ ከገባው ረድፍ ጀምሮ፣ በጥርሱ በኩል ቀጥ አድርጎ ወደላይ። አንድ ጎኗ የተሰበረች ታይል አትጣልም፤ ያ ጎን ወደ ውጭ እንዲሆን ዳር ላይ ትገባለች። እንዲያ ያሉትን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌ ለብቻ አስራቸዋለሁ። ለድንኳኑ ምሰሶ የተቆረጡትም አይጣሉም፤ ምሰሶው ያው ምሰሶ ነው፣ የሚቀጥለውም ድንኳን አለው።

ማጠቡን ባለቤቴ ናት ያስተማረችኝ። እርጥብ ዋልካ የያዘውን ታይል በውሃ ስለቀልቅ ግማሽ ቀን ሲፈጅብኝ አይታ "ይድረቅ እንጂ" አለችኝ። ሲደርቅ ራሱ ይሰነጠቃል፤ አንዷን ከሌላዋ ስታጋጫት ቅርፊቱ ይራገፋል፣ ቀለበት ውስጥ የቀረውን በእንጨት ትጎረጉራለህ። ከዚያ በርሜል ውስጥ በዱቄት ሳሙና ይዘፈዘፋል፣ በብሩሽ ይታሻል። የሽቦ መፈግፈጊያ አይነካውም፤ ይቧጭረውና የሚቀጥለው ቆሻሻ ጭረቱ ውስጥ ይገባል። የጧፍ ሰም በሙቅ ውሃ ይለቃል። የዶሮ ወጥ ዘይት ያየ ነጭ ታይል ግን ነጭ ሆኖ አያውቅም፤ ቶሎ ካልደረስክበት በርበሬው ለዘላለም ይሰፍርበታል። ነጭ መግዛት አቁሜያለሁ።

መድረቁ ከመታጠቡ ይከብዳል። አንድ ኅዳር አጥበን ሳይደርቅ ደጅ ደርድረነው አደረ፤ ጠዋት በየቀለበቱ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ታይሎቹን አጣብቋቸዋል። ያው ልጅ፣ ያ "ፀሐይ ትውጣ" ያለኝ፣ መዶሻውን ከእጄ ተቀብሎ ከጀርባው ደበቀው።

ለክረምቱ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርገን፣ ከ20 ሳናስበልጥ እንደረድራቸዋለን፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ታይል መስከረም ላይ ጎብጦ ነው የምታገኘው። ፀሐይም አያያቸው። የደጋ ፀሐይ አይሞቅም ብለህ አትናቀው፤ ቀለሙን ነጥቆ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ የሦስት ዓመት ታይል በአንድ በጋ የአሥር ዓመት ያደርገዋል።

ባለፈው ጥር አንድ ግቢ ውስጥ ወለሉ አራት ቀን ቆየ፤ ሰርግ፣ ከዚያ መልስ፣ ከዚያ ደግሞ ሰዎቹ "ይቆይልን" አሉ። አምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይዋ እስክትሞቅ ቁጭ ብለን ሻይ ጠጥተን፣ መንቀል ጀመርን። ሣሩ ከሥር ገርጥቶ ተኝቷል፤ የእያንዳንዷ ታይል ቅርጽ መስመር መስመር ሆኖ ታትሞበታል፣ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን፣ ከዳር እስከ ዳር። አባወራው መጥተው አዩና "ሣሬን ገደላችሁት" አሉ። "ሳምንት ይስጡት አባባ፣ ውሃ ያጠጡት" አልኳቸው። ጨርሰን መኪናው ላይ ሸራውን ስንወጥር የግቢው ሁለት ሴት ልጆች ጠጠር ይዘው መጡ። አንደኛዋ ጠጠሯን የታተመው ሣር ላይ ጣለች፣ አንድ እግሯን አጠፈችና ሰኞ ማክሰኞ መዝለል ጀመረች። መስመር መሥራት አላስፈለጋቸውም። ስንወጣ ገና ረቡዕ ላይ ነበሩ።